ለኩርባማ ገጾች የሚሊንግ መቁረጫ አመራረጥ፦ እውነተኛው ዲያሜትር የቱ ነው?

የሞልድን ኩርባማ ገጽ ለማጠናቀቅ በልማድ የሚመረጠው ቦል ኖዝ የሚባለው፣ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መቁረጫ ነው። ገጹ በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዘነብል የመቁረጫው ቅርጽ ስለማይለወጥ ጉዞውን ማስላት ይቀላል። ድክመቱ ያለው ጫፉ ላይ ነው፤ በመሽከርከሪያው ዘንግ ላይ የመቁረጥ ፍጥነት ዜሮ በመሆኑ ጫፉ ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይፈትገዋል።

ዲያሜትሩ 10 ሚሊሜትር የሆነ መቁረጫ በጠፍጣፋ አካባቢ 0.2 ሚሊሜትር ጠልቆ ሲሠራ፣ የሚቆርጥበት ትልቁ ዲያሜትር 2.8 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የዙሩ ብዛት በ10 ከተሰላ እውነተኛው ፍጥነት ከታሰበው ሲሶ እንኳ አይሞላም። በአምስት አክሲስ ማሽን መቁረጫውን 20 ዲግሪ ማዘንበል ይህን ዲያሜትር ወደ 5.9 ሚሊሜትር ያሳድገዋል፤ ጫፉንም ከብረቱ ያላቅቃል።

በተጎራባች መስመሮች መካከል የሚቀረው ሸንተረር ቁመት፣ በግምት የመስመሮቹ ርቀት ካሬ ለራዲየሱ ስምንት እጥፍ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። 5 ሚሊሜትር ራዲየስ በ0.5 ሚሊሜትር ርቀት 6 ማይክሮሜትር ያህል ይተዋል። የጎን ራዲየሱ 85 ሚሊሜትር የሆነ በርሜል መሰል መቁረጫ ያንኑ ሸንተረር በ2 ሚሊሜትር ርቀት ይሰጣል፤ የጉዞው ርዝመት ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው።

ሆኖም የመቁረጫው ራዲየስ ከገጹ ትንሹ ጎድጓዳ ራዲየስ ከበለጠ፣ መቅረት የሚገባው ብረት ይበላል። ስለዚህ ትንሹ ጥግ የሚወስነው የመጨረሻውን መቁረጫ ብቻ ነው። ለአንድ ጥግ ሲባል ገጹን ሁሉ በትንሽ ቦል ኖዝ መጨረስ፣ የተለመደ ቢሆንም፣ የማሽን ሰዓት ማባከን ነው። ባለሦስት አክሲስ ማሽን ብቻ ላለው ወርክሾፕ፣ ለጥ ባሉት አካባቢዎች ጠርዙ የተጠጋጋ ጠፍጣፋ መቁረጫ ይሻላል።