የኤንቢኤ ዕጣና ለመጨረሻነት የሚደረግ እሽቅድምድም

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ በየዓመቱ ወደ ሰኔ ግድም አዳዲስ ወጣቶችን ለሠላሳ ክለቦቹ ያከፋፍላል። ድራፍት ይባላል። ክለቦች ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ደካማው ይቀድማል፣ ጠንካራው ይከተላል። «ክለቦች ሆን ብለው ይሸነፋሉ» የሚለው ክስ የመነጨው ከዚህ ተራ ነው። ክሱን ለማብረድ ተብሎ የተሠራው የዕጣ ሥርዓት ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ በስፖርቱ ዓለም ካሉት ብልህ ፈጠራዎች አንዱ ሆኖ ሳለ የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእግር ኳስ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። በእኛ ፕሪሚየር ሊግም ሆነ በእንግሊዝ መጨረሻ የወጣ ክለብ ይወርዳል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ነፍሱን ይዞ ይጫወታል። በኤንቢኤ መውረድ የለም። ሰማንያ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ሰባ ሁለቱን የተሸነፈ ክለብ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ሊግ ውስጥ፣ ጭራሽ ከፊተኛው የምርጫ ተራ ጋር ይጠብቀናል። በሜዳው ላይ የሚሰለፉት ደግሞ አምስት ብቻ ናቸው፤ አንድ ድንቅ ልጅ የክለብን ዕጣ ፈንታ ለአሥር ዓመት ሊለውጥ ይችላል። ደመወዙም በሊጉ ሠንጠረዥ ስለሚወሰን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚያወጣው ዋጋ በታች ይገኛል።

ከ1966 እስከ 1984 አንደኛው ተራ የሚወሰነው በሳንቲም ነበር። የሁለቱ ምድቦች መጨረሻዎች ይቀርባሉ፣ ሳንቲም ይወረወራል፣ አለቀ። በ1969 ሚልዋኪ በሳንቲም ዕድል ኋላ ከሪም አብዱል ጀባር የተባለውን ግዙፍ ሲያገኝ ፊኒክስ ባዶ እጁን ቀረ። በ1979 ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ማጂክ ጆንሰንን ሲወስድ የቀናው በሳንቲም ነው፤ የከሰረው ቺካጎ ነበር። ሳንቲሙ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፦ መጨረሻ ለወጣ ክለብ ሃምሳ በመቶ ዕድል ይሰጣል። ሃምሳ በመቶ ደግሞ ሰው የሚፈተንበት ቁጥር ነው።

በ1984 የሂውስተን ሮኬትስ አካሄድ የሊጉን ትዕግሥት አስጨረሰ። ክለቡ ከመጨረሻዎቹ 17 ጨዋታዎች 14ቱን ተሸነፈ። ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ከሳን አንቶኒዮ ጋር በተደረገ ጨዋታ የ38 ዓመቱ ኤልቪን ሄይስ፣ በዚያ ዓመት ብዙውን ጊዜ በተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚያሳልፈው አንጋፋ፣ ተጨማሪውን ሰዓት ጨምሮ 53 ደቂቃ ሳይቀየር ተጫወተ። ሮኬትስ ተሸነፈ፤ ሳንቲሙም ቀናው፤ ሀኪም ኦላጁዎንን ወሰደ። በማግስቱ ዓመት ሊጉ ሳንቲሙን ትቶ ዕጣ ጀመረ።

የ1985ቱ ዕጣ ፖስታ ነበር። ሰባት ፖስታ በመስታወት ከበሮ ውስጥ ተሽከረከረ፣ ኮሚሽነሩ ዴቪድ ስተርን አንዱን አወጡ፣ ኒውዮርክ ኒክስ ሆነ፣ ፓትሪክ ዩዊንግም የኒውዮርክ ሆነ። ኮሚሽነሩ በእጃቸው እንዲለዩት የኒውዮርክ ፖስታ ቀዝቅዞ ነበር፣ ጠርዙ ታጥፎ ነበር የሚለው ሐሜት እስከ ዛሬ አልሞተም። በ1990 የፒንግ ፖንግ ኳሶች መጡ፤ 66 ኳሶች ሆነው ደካማው ክለብ 11 ሲኖረው ከተሸናፊዎቹ የተሻለው ግን 1 ብቻ ነበረው። በ1993 ያቺ አንዷ የኦርላንዶ ኳስ ወጣች። ኦርላንዶ ባለፈው ዓመት ሻኪል ኦኒልን ያገኘ ክለብ ነበር። ሊጉ ደነገጠና ዛሬ የምናየውን ሥርዓት ሠራ።

ይህን ሥርዓት ሰው ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። ከ1 እስከ 14 ቁጥር የተጻፈባቸው አሥራ አራት ኳሶች አየር በሚነፋ መሣሪያ ውስጥ ይገባሉ። አራት ኳስ ይወጣል፤ የአወጣጣቸው ቅደም ተከተል አይቆጠርም። ከአሥራ አራት አራት የመምረጫው መንገድ 1001 ነው። አንዷ፣ 11-12-13-14፣ ባለቤት የላትም፤ ከወጣች ዕጣው ይደገማል። የቀሩት አንድ ሺህ ጥምረቶች ለክለቦቹ ይከፋፈላሉ። አንድ ሺህ በመሆኑ ሒሳቡ ለማንም ግልጽ ነው፦ 140 ጥምረት ያለው 14 በመቶ፣ 5 ጥምረት ያለው ግማሽ በመቶ ዕድል አለው።

የመጀመሪያው ኳስ ሲወጣ መሣሪያው ለሃያ ሰከንድ ያናውጣል፣ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው አሥር ሰከንድ። ሰዓቱን የሚይዘው ሰው ጀርባውን ለመሣሪያው ሰጥቶ ነው የሚቆመው፤ ሰዓቱ ሲደርስ እጁን ያነሣል፣ ኳሱ ይወጣል። የትኛው ኳስ አፉ ላይ እንዳለ ሊያይ አይችልም። የሒሳብ ድርጅት ታዛቢ፣ የክለቦቹ ተወካዮችና ጋዜጠኞች ክፍሉ ውስጥ አሉ፤ ስልካቸው ተወስዷል፣ በቴሌቪዥን ውጤቱ እስኪነገር ድረስም አይወጡም። በቴሌቪዥን የምናየው የካርድ መግለጥ ለትርዒት ነው፤ ዕጣው ያን ጊዜ በሌላ ክፍል አልቋል። ክፍሉን ሳያይ ካርዱን ብቻ ያየ ሰው «ተጭበርብሯል» ቢል አይገርመኝም፣ ግን ተሳስቷል።

በ2025 ዳላስ ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ አሳልፎ በሰጠ በጥቂት ወራት ውስጥ 1.8 በመቶ ዕድል ይዞ አንደኛ ሲወጣና ኩፐር ፍላግን ሲያገኝ ይኸው ሐሜት ዳግም ተቀጣጠለ። 1.8 በመቶ ማለት ከአንድ ሺህ 18 ጥምረት ነው። በ2014 ክሊቭላንድ፣ በ2008 ቺካጎ በ1.7 በመቶ አሸንፈዋል። ትንሽ ዕድል በየዓመቱ ለብዙ ክለቦች ሲሰጥ አልፎ አልፎ መውጣቱ የሒሳብ ሕግ ነው። ሐሜተኛው የወጣውን ይቆጥራል፤ ያልወጡትን ዓመታት አይቆጥርም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ክለቦች ሆን ብለው ይሸነፋሉ ወይ? አዎ። ተጫዋቾችስ? አይሸነፉም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ተመልካች በጣም ያሳዝነኛል፣ አንዳንዴም ያናድደኛል።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ነገሩን በዓይናችን አይተነዋል። ዊዛርድስ በ2023 ክረምት ብራድሊ ቢልንና ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን አሳልፎ ሰጠ፤ በቀጣዩ የውድድር ዘመን 15 አሸንፎ 67 ተሸነፈ፣ ከዚያም በኋላ 18 አሸንፎ 64። በእነዚያ ዓመታት ወደ ውድድሩ መጨረሻ ትኬት ስለሚረክስ ብዙ ጊዜ እገባ ነበር። አንድ ምሽት አብረውኝ የገቡት ታክሲ ነጂ ጎረቤቴ ገና በሁለተኛው ሩብ ተበሳጩ።

«እነዚህ እኮ ተከፍሏቸው ነው የሚሸነፉት!»

«ጋሼ፣ ያ ኳሱን የያዘው ልጅ ለከርሞ ውል የለውም። ለማን ብሎ ይሸነፋል?» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚሸነፉት?»

«የሚበልጧቸው ስለሄዱ ነው።»

ቀሪውን ጨዋታ ዝም ብለው ተመለከቱ፤ ልጁ ከመሬት ኳስ ለማንሣት ሲወድቅ ግን አጨበጨቡለት።

ነገሩን ከተጫዋቹ ወገን አስቡት። ክለቡ በድራፍት የሚያመጣው አዲስ ልጅ የሚወስደው የማንን ቦታ ነው? የእሱን። በሽንፈት የሚገኘው ጥቅም ለተጫዋቹ መባረር ነው። በአሥር ቀን ውል የተቀጠረ ልጅ እያንዳንዷ ደቂቃ ለቀሩት ሃያ ዘጠኝ ክለቦች የምታሳየው ፈተናው ናት። ፊላደልፊያ በ2015-16 10 አሸንፎ 72 ሲሸነፍ ቲጄ ማኮኔል የሚባል፣ በድራፍት ማንም ያልመረጠው ልጅ ነበረው። ያ ልጅ በየምሽቱ በሽንፈት መሃል እየታገለ ስሙን ሠራ፤ በ2025 ከኢንዲያና ጋር ለፍጻሜው ደርሶ ተጋጣሚውን ያስጨነቀው እሱ ነው። ራሱን ሆን ብሎ የሚያደክም ተጫዋች ሲገኝ ደግሞ ሊጉ አይምርም፤ የቶሮንቶው ጆንቴይ ፖርተር ለቁማር ብሎ ከጨዋታ መውጣቱ ሲረጋገጥ በ2024 ዕድሜ ልክ ታግዷል።

እንግዲህ ኤልቪን ሄይስን መልሰን እንየው። በ38 ዓመቱ 53 ደቂቃ የሮጠ ሰው ሰነፈ ይባላል? ያ ሰው በሙሉ ዘመኑ ልክ 50,000 ደቂቃ ተጫውቶ ነው ጫማውን የሰቀለው። እሱ ያለውን ሰጠ። ጥያቄው የሚነሣው እሱን ያለ ቅያሪ እዚያ ባቆመው ላይ ነው።

ሽንፈት የሚሠራው ቢሮ ውስጥ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጥሩዎቹን ይሸጣል፣ ልምድ የሌላቸውን ይሰበስባል፣ ቀላል ጉዳት ያለበትን ኮከብ «ይረፍ» ያሰኛል። ሳም ሂንኪ በ2013 ፊላደልፊያን ሲረከቡ ይህንኑ ሳይደብቁ አደረጉት። በሦስት የውድድር ዘመን ክለቡ 47 አሸነፈ፣ 199 ተሸነፈ፤ በአንዱ ዓመት 26 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። ሂንኪ በ2016 አሥራ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጽፈው ለቀቁ። ጆኤል ኤምቢድ ከዚያ ዘመን የተረፈ እውነተኛ ሀብት ነው። ሆኖም ክለቡ ከ2001 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ከምድቡ ፍጻሜ አልደረሰም።

አንዳንዴ ነገሩ በአንድ ምሽት ይታያል። በሚያዝያ 2023 ዳላስ የማለፍ ዕድሉ ገና ሳይዘጋ ከቺካጎ ጋር ሲጫወት ካይሪ ኧርቪንግንና ሌሎችን አስቀመጠ፣ ሉካንም ገና በጊዜ አስወጣ። ምክንያቱ ቀድሞ በተደረገ ልውውጥ መሠረት ምርጫው ከአሥር በታች ከወረደ ለኒውዮርክ የሚያልፍ መሆኑ ነው። ሊጉ 750,000 ዶላር ቀጣው፤ ዳላስ ግን አሥረኛውን ተራ አገኘ።

ቤክ ቴይለርና ጀስቲን ትሮግደን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህንን በቁጥር ፈትሸውታል። በ1985 ዕጣው ለሁሉም እኩል ነበር፤ ከዚያ በፊትና በኋላ በፈተሿቸው ዓመታት ግን ለደካማው ያደላ ነበር። ከጥሎ ማለፉ የወጡ ክለቦች ከሚጠበቀው በላይ የተሸነፉት ማዳላት ባለባቸው ዓመታት ነው። እኩል በሆነበት ዓመት ዝንባሌው አልታየም። ቢሮው ዋጋውን ያሰላል።

ስለዚህ ሊጉ ከ2019 ጀምሮ ዋጋውን ቀነሰ። ቀድሞ መጨረሻ የወጣው 25 በመቶ ነበረው፤ አሁን የመጨረሻዎቹ ሦስት እኩል 14 በመቶ አላቸው። በዕጣ የሚወጡት ተራዎች ከሦስት ወደ አራት ስላደጉ መጨረሻ የወጣ ክለብ እስከ አምስተኛ ሊንሸራተት ይችላል፤ የዚህም ዕድል 47.9 በመቶ ነው። ዴትሮይት በ2023 እና በ2024 በተከታታይ መጨረሻ ወጥቶ ሁለቱንም ጊዜ አምስተኛ ሆነ። ዩታ በ2025 እንዲሁ። የእኛው ዊዛርድስ በዚያው ዓመት ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኖ ስድስተኛ ተራ ደረሰው። ከ2015 እስከ 2018 አንደኛው ምርጫ በየዓመቱ ለመጨረሻው ክለብ ውጤት ነበር የወጣው፤ ከ2019 እስከ 2025 ግን አንድም ጊዜ አልወጣም። ይህን እያወቀ ደጋፊውን ለሦስት ዓመት ሽንፈት የሚያስከፍል ሥራ አስኪያጅ ስትራቴጂ አለኝ ማለቱን ቢያቆም ጥሩ ነው።

ዕጣው ሁሉን ፈውሷል አልልም። አሁን በምድቡ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ላይ ያለውም ክለብ ዕጣው ላይ ዓይኑን ይጥላል። ከሁሉ የተሻለውን መፍትሔ ያየሁት በሴቶች የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ፒደብሊውኤችኤል ውስጥ ነው። አዳም ጎልድ የሚባል ተመራማሪ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ከጥሎ ማለፉ የወጣ ክለብ ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚሰበስበው ነጥብ ይቆጠርለታል፤ ብዙ የሰበሰበ አንደኛ ይመርጣል። ደካማው ቀድሞ ስለሚወጣ ለመሰብሰብ ብዙ ጊዜ አለው፣ ግን ማሸነፍ ግድ ነው። በ2024 በዚህ መንገድ አንደኛውን ምርጫ ያገኘው ኒውዮርክ ሳራ ፊሊየርን ወሰደ።

ኤንቢኤ ያን እስኪከተል ድረስ ተመልካቹ አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። በመጋቢት የሚሸነፍ ክለብ ስታዩ በአራተኛው ሩብ ማን እንደተሰለፈ ሳይሆን ማን እንደተቀመጠ ተመልከቱ፣ ያስቀመጠውንም በስሙ ጥሩት። ሜዳው ላይ ያሉትን ልጆች ግን አትስደቡ።