በአራት ዓመቱ የሚያነብ ልጅ

ባለፈው ዓመት የፋሲካ በዓል ዕለት በአንድ ዘመዳችን ቤት ተጋብዘን ሳለን፣ ገና አምስት ዓመት ያልሞላው የቤቱ ልጅ ምሳ እስኪቀርብ ድረስ በእንግዶች ፊት ጋዜጣ እንዲያነብ ተደረገ። ሕፃኑም የአንዱን ዜና የመጀመሪያ አንቀጽ አንድ ቃል ሳይዘል አነበበው። ጭብጨባው እንዳበቃ እናቱ ወደ እኛ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ውጭ አገር ተምረው መጥተዋል፤ ይህን ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት አውጥተን በቀጥታ ሁለተኛ ክፍል ብናስገባውስ?» ስትል ጠየቀችን። ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉን ነገር ያውቃል ተብሎ መገመቱ የተለመደ ነውና (ሬዲዮ ሲበላሽም የምንጠራው እኛው ነን) ጥያቄውን ማለፍ አልቻልንም።

በቁራጭ ወረቀት ላይ «ገና ገና ነው» ብለን ጽፈን ለልጁ ሰጠነው። ሁለቱንም ቃላት አላልቶ አነበባቸው። አዋቂ አንባቢ የመጀመሪያውን አጥብቆ በዓሉን፣ ሁለተኛውን አላልቶ ጊዜው አለመድረሱን ይለያል። ፊደላችን ግን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ፣ ልዩነቱ የሚገኘው ከትርጉሙ ብቻ ነው። «አለ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ሕፃኑ ድምፁን አግኝቶ ነገሩን አላገኘውም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ልዩነት በንባብ ጥናት ውስጥ ከፍተኛ ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1986 ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ አንብቦ መረዳት የሁለት ችሎታዎች ብዜት ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ እነርሱም ፊደልን ወደ ድምፅ መለወጥና ቋንቋን መረዳት ናቸው። ድምር ሳይሆን ብዜት መባሉን ልብ ይሏል። ድምር ቢሆን ኖሮ የአንዱ መብዛት የሌላውን ጉድለት በሸፈነ ነበር፤ በብዜት ግን ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ሲሆን ውጤቱም ዜሮ ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1967 ኖርማንና ማርጋሬት ሲልበርበርግ፣ ቃላትን የማንበብ ችሎታቸው ከመረዳት ችሎታቸው እጅግ የሚልቅ ልጆችን አጥንተው ሁኔታውን «ሃይፐርሌክሲያ» ብለውት ነበር። የዘመዳችን ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው ማለታችን አይደለም፤ ሁለቱ ችሎታዎች ተለያይተው ሊሄዱ እንደሚችሉ ለማመልከት ያህል ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድም አያሻንም። እኛ ራሳችን በቄስ ትምህርት ቤት ከፊደል ገበታው 33 ረድፍና 7 ዐምድ፣ ማለትም ከ231ዱ ፊደላት ተነሥተን፣ በመልእክተ ዮሐንስ አልፈን፣ በስድስት ዓመታችን ዳዊት ደርሰን ነበር። የምናነበው በግእዝ ስለነበረ ከቃላቱ አብዛኛዎቹን አናውቃቸውም። የኔታም ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። በአብነቱ ሥርዓት ንባብ ቤት ሌላ፣ ትርጓሜ የሚማሩበት መጻሕፍት ቤት ሌላ ነው፤ በሁለቱ መካከልም ብዙ ዓመታት አሉ። ዳዊት የደገመ ሕፃን ይመረቃል፣ ይደገስለታልም እንጂ ሊቅ ነው ያለው ማንም አልነበረም።

ታዲያ ቀድመው የሚያነቡ ልጆች እነማን ናቸው? ዶሎረስ ደርኪን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ አንደኛ ክፍል የገቡ 5103 ልጆችን መርምረው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ማንበብ የቻሉ 49 ብቻ አገኙ። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። የእነዚህ ልጆች የአእምሮ ፈተና ውጤት ግን ከ91 እስከ 161 ይደርስ ስለነበር፣ በመካከላቸው ተራ የምንላቸውም ነበሩ። ብዙዎቹ በወረቀት ላይ መሞነጫጨር የሚወዱ ስለነበሩ ደርኪን የወረቀትና የእርሳስ ልጆች ብለዋቸዋል። በየቤታቸውም «ይህ ምን ይላል?» ሲሉ የሚመልስላቸው ሰው ነበራቸው።

ከዕድሜያቸው ስለቀደሙ ሕፃናት ሲነሣ ሁልጊዜ የሚታወሱን ሁለት ልጆች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1909 ሁለቱም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ኖርበርት ዊነር በ14 ዓመቱ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ለከፍተኛ ትምህርት የመጣ ሲሆን፣ ዊልያም ሲዲስ በ11 ዓመቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱን መጀመሩ ነበር። የሁለቱም አባቶች ከሩስያ ግዛት የተሰደዱ ምሁራን ነበሩ፤ ሁለቱም ልጆቻቸውን በቤት አስተምረዋል፤ ሁለቱም ውጤቱ ከልጁ ተፈጥሮ ሳይሆን ከእነርሱ ዘዴ የተገኘ መሆኑን ለሕዝብ ተናግረዋል። ሲዲስ በጥር 1910 ለዩኒቨርሲቲው የሂሳብ ክበብ፣ ከርዝመት፣ ከወርድና ከቁመት ሌላ አራተኛ አቅጣጫ ስላላቸው አካላት ንግግር አደረገ። ጋዜጦችም ከዚያ በኋላ አለቀቁትም። በ1914 ተመርቆ ጥቂት ጊዜ ካስተማረ በኋላ፣ ስሙን ከጋዜጣ እየሸሸ በአነስተኛ የጽሕፈት ሥራዎች ኖረ፤ የከተማ ባቡር ቲኬቶችን ይሰበስብ ነበር፤ በ1926 ስለዚሁ መጽሐፍ ጽፏል። በ1937 አንድ መጽሔት ኑሮውን ፈልፍሎ ሲያወጣው ከሶ ተረታ። በ1944 በ46 ዓመቱ ዐረፈ።

ዊነር በበኩሉ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ዐይኑ ደክሞ፣ ሐኪም ለስድስት ወር እንዳያነብ ከለከለው። አባቱም በቃል ማስተማሩን ቀጠሉ፤ ልጁ የሂሳብ ሥራውን ሁሉ በሐሳቡ መሥራት ግድ ሆነበት። ፊደል በሌለበት የቀረው መረዳቱ ብቻ ነበር። በ18 ዓመቱ ዶክትሬቱን አገኘ፤ የፊዚክስ ተማሪዎች የሚያውቁትን የብራውን እንቅስቃሴ በሂሳብ መሠረት ላይ አቆመ፤ በ1948 ሳይበርኔቲክስን ለዓለም አስተዋወቀ። እርሱም ቢሆን ከጉዳት አላመለጠም፤ በ1953 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ስለ ልጅነቱ ቁስል በግልጽ ጽፏል።

በሁለት ነጥቦች መካከል ምንጊዜም ቀጥተኛ መሥመር ማስመር ስለሚቻል፣ ከሁለት ልጆች ሕግ ለማውጣት አንደፍርም። ያም ሆኖ ሲዲስን የጎዳው ቀድሞ ማንበቡ ሳይሆን ጭብጨባው ይመስለናል። መቅደም በራሱ ብዙ እንደማያተርፍም የሚያሳይ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሰባስቲያን ሳጌትና ባልደረቦቹ በኒውዚላንድ ባወጡት ጥናት፣ ንባብን በአምስትና በሰባት ዓመታቸው የጀመሩ ልጆች አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲደርሱ በንባብ ፍጥነት ልዩነት አልታየባቸውም።

ለእናትየው የሰጠነው መልስ አጭር ነበር። ሁለተኛ ክፍል ይቅር፤ ማታ ተረት ይነበብለት፤ መካከል ላይ ቆም እየተባለም «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ለእንግዳ ማንበቡም ይቅር አልናት። አባትየው የመጨረሻው ምክር አልጣመውም። በመስከረም አንደኛ ክፍል አስገቡት፤ ጋዜጣው ግን አልቀረም።

በቅርቡ እንደገና ስንሄድ ደብተርና እርሳስ ይዘንለት ሄድን። ልጁ ደብተሩን ትቶ በጋዜጣው ጠርዝ ላይ «መከና» ብሎ ጻፈ። መኪና ማለቱ ነበር። አባቱ የ«ኪ» እግር መቅረቱን ሲነግረው ቀና ብሎ፣ «ጎማዋ ወልቆ ነው» አለ።