የግብረ ሠናይ ማኅበር ደጀ ሰላም

ጥር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በሀገራችን ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱበት በከተራ ዕለት፣ ዊኪፒዲያ የተባለው በብዙ ልሳናት የተጻፈ የዕውቀት መዝገብ የእንግሊዝኛ ክፍሉን በአዲስ መልክ ገለጠ። የመዝገቡ ባለአደራ የሆነው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እንደ መሆኑ፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያገለግል የኖረውን መልክ ለማደስ መምከር የጀመረው በ2019 እ.ኤ.አ. ስለ ነበር፣ ለአንባቢው በአንድ ሌሊት የተለወጠ የመሰለው ነገር ከሦስት ዓመት በላይ ሲጠናና ሲፈተን የቆየ ነው። ለውጡ አስቀድሞ የቀረበው ፈቃደኛ ለሆኑ ጥቂት ክፍሎች ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል የባስክ፣ የፋርስና የዕብራይስጥ አንባቢዎች ነበሩበት፤ የፍለጋው ሣጥን ጎላ ብሎ በገጹ ራስ ላይ በተቀመጠ ጊዜ የሚደረገው ፍለጋ ቁጥር በ30 በመቶ ያህል ከፍ ማለቱ የታወቀውም በዚሁ ፈተና ነው። ቋንቋ መለወጫው በገጹ ጎን ከታች ተሸሽጎ ከኖረበት ወጥቶ ከአርእስቱ አጠገብ ስለ ቆመ፣ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ወደ አማርኛው ለመሻገር የሚሻ ሰው መንገዱ ቀናለት። ነገሩ በእንግሊዝኛው ክፍል ጸሐፊዎች ጉባኤ ሲመከርበት ግን ድጋፉና ተቃውሞው ተቀራራቢ ነበርና፣ የቀደመውን መልክ የሚወድ የተመዘገበ ተጠቃሚ እርሱን እንደ ያዘ ይቀጥል ዘንድ በሩ አልተዘጋበትም።

እንዲህ ከጥናትና ከፈተና በመነሣት ፈንታ፣ በእኛ ዘንድ የድረ ገጽ እድሳት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው፣ ማለት ከቀለሙ ነው። ቦርዱ ይሰበሰባል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ ይሁን ይላል፤ የሊቀ መንበሩ መልእክት ከነፎቶግራፉ በፊተኛው ገጽ ላይ እንዲወጣ ይወሰናል፤ ወደ ገጹ የሚመጣው ሰው ማን እንደ ሆነና ምን ፈልጎ እንደሚመጣ ግን የሚጠይቅ ሳይገኝ ስብሰባው ይበተናል። የግብረ ሠናይ ማኅበር ድረ ገጽ የማኅበሩ ደጀ ሰላም መሆኑን ልብ ብንል ኖሮ እንዲህ ባላደረግን ነበር። በደጀ ሰላም እንግዳው ይቀመጣል፣ ነዳዩ ይመገባል፣ መንገደኛውም የት እንደሚያድር ይጠይቃል፤ ቅኔ ማኅሌቱና መቅደሱ ከዚያ ወደ ውስጥ፣ እንደየሥርዓታቸው የሚገኙ ናቸው። ለጋሹ ገንዘቡ ምን ላይ እንደ ዋለ ለማወቅ ይመጣል፤ በጎ ፈቃደኛው በየትኛው ቀን ምን ሊሠራ እንደሚችል ይጠይቃል፤ የተቸገረው ሰው ደግሞ ይቀበሉኝ እንደ ሆነ፣ ወዴት ልሂድ፣ ምን ልያዝ ይላል። ለለጋሹ የሚሆነው መልስ ብዙውን ጊዜ ተዘጋጅቶ ያለ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ሲቪል ማኅበራት ዓመታዊ የሥራና የሒሳብ ሪፖርታቸውን ለሚቆጣጠራቸው ባለሥልጣን ማቅረብ አለባቸውና፣ የቀረበውን ሪፖርት በሚነበብ መልክ በገጹ ላይ ማኖር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። እጅግ የሚከብደው ለሦስተኛው ሰው መልስ መስጠት ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ሕፃናትን የሚረዳ የአንድ ትንሽ ማኅበር ድረ ገጽ ሲታደስ በኮሚቴው ውስጥ ነበርሁ። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ጠርተን፣ ሞባይል በእጃቸው ሰጥተን፣ ሕፃኑን ወዴት ማምጣት እንዳለባቸው ከገጹ ላይ ይፈልጉልን ዘንድ ለመንናቸው፤ እኛም ዝም ብለን እንድንመለከት ተማምለን ነበር። እኛ የደከምንበትን «ፕሮግራሞቻችን» የሚለውን ቃል አልፈውት ሄዱ። «ያግኙን» የሚለውን ነኩ፤ ኢሜይል የሚጠይቅ ቅጽ ወጣባቸው፤ ኢሜይል የላቸውም። ጥቂት ጊዜ ትክ ብለው ካዩት በኋላ ስልኩን ወደ እኔ መልሰው፣ «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ደውዬ የማናግረው ሰው የለም ወይ?» አሉኝ። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ተሰብስበን ያልደረስንበትን ነገር በዚያች ጥያቄ አገኘነው።

ከዚህ በኋላ የያዝነው ሥራ ቆጠራ ነበር። ንብረቱን ሳይቆጥር ቤት የሚያፈርስ የለምና፣ በገጹ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አንድ በአንድ በሰንጠረዥ አሰፈርን፤ አርእስቱን፣ አድራሻውን፣ መጨረሻ የታረመበትን ቀን፣ ኃላፊውን፣ በስተመጨረሻም ፍርዱን፣ ይኸውም ይቆይ፣ ይታረም ወይም ይውጣ የሚለውን። አምስት ዓመት ያለፈው ባዛር አሁንም ሕዝቡን ይጠራ ነበር፤ በሦስት ገጾች ሦስት የተለያዩ የስልክ ቁጥሮች ተገኙ፤ ከእነርሱም የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር።

እንዲወጣ በተፈረደበት ገጽ ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ድር የተባለውን ነገር የፈጠረውና የመጀመሪያውን ድረ ገጽ በ1991 እ.ኤ.አ. ያቆመው ቲም በርነርስ ሊ፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ አድራሻ እንዳይለወጥ በ1998 እ.ኤ.አ. አጥብቆ ጽፎ ነበር። የማኅበሩ አድራሻ በታተመ ብሮሹር፣ ለኤምባሲ በተላከ ደብዳቤ፣ በሌሎች ድረ ገጾችም ላይ ተጽፎ ይኖራል፤ እድሳቱ ያን አድራሻ ሲያፈርሰው፣ የመጣው ሰው 404 የሚል ቁጥር ብቻ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህም ለእያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ አዲሱን የሚያመለክት ዝርዝር ይዘጋጃል፤ 301 የተባለው ምልክትም ገጹ ለዘለቄታው መዛወሩን ለሰውም ለጎግልም ያስታውቃል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ይህን ዝርዝር ሳይቀበሉ ለባለሙያ የመጨረሻውን ክፍያ መክፈል ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ታላቅ ስሕተት ነው።

በአማርኛ የሚጻፍ ገጽ የራሱ የሆነ ጣጣም አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት የራሱ ምስጢር ነበረውና፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ስለ ነበር፣ ጽሑፉን በሥዕል መልክ መለጠፍ ግድ ነበር። ምክንያቱ ቢቀርም ልማዱ አልቀረም። ዛሬም ማስታወቂያው በቀለም ያማረ ሥዕል ሆኖ ይወጣል፤ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ መሣሪያ የሚገለገለው ዓይነ ስውር ግን በሥዕሉ ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ አያገኝም፤ ፈላጊውም በጎግል አያገኘውም። በዚያው በ1999 እ.ኤ.አ. የድር ሥርዓት አውጪ የሆነው ጉባኤ ገጾች ለአካል ጉዳተኞች ይመቹ ዘንድ የመጀመሪያውን መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ደግሞ በተራ ጽሑፍና ከበስተኋላው ባለው ቀለም መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከ4.5 ለ1 እንዳያንስ ይላል። እንግዲህ ቦርዱ በቀለም ጉዳይ መከራከሩ ካልቀረ፣ ክርክሩን ከዚህ ቁጥር ቢጀምር መልካም ነው።

ስለ ገንዘቡ የምለው አጭር ነው፤ ለመሥሪያው ብቻ በጀት ይዞ ለመጠበቂያው ያልያዘ ማኅበር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያለፈውን ባዛር መልሶ ያገኘዋል።

ገጹ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው እኒያን እናት ደግመን ጠራናቸው። የሊቀ መንበሩ መልእክት ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በገጹ ራስ ላይ ቢሮው የሚከፈትበት ሰዓት፣ ይዞ መምጣት የሚገባው ወረቀትና በጉልህ የተጻፈ የስልክ ቁጥር ቆመዋል። ሞባይሉን ተቀብለው ጥቂት አዩትና ቁጥሩን በጣታቸው ነኩት፤ በሚቀጥለው ክፍል ያለው የጸሐፊዋ ስልክ ጮኸ።