ዜማን ተከትለው የሚጓዙ ሰዎች

በአሜሪካ አገር፣ የአፓላሽያ ተራሮች በሚያልፉባቸው ክፍላተ ሀገር፣ የብርዱ ወራት አልፎ መስኩ መለምለም ሲጀምር፣ ድንኳንና ስንቅ፣ ሽማግሌና ሕፃን በመኪናቸው ጭነው ከአንዱ መስክ ወደ ሌላው መስክ የሚጓዙ ብዙ ሰዎች አሉ። የሚጓዙትም ብሉግራስ የተባለውን የገጠር ሙዚቃ ከዘፋኙ አፍና ከመቺው ጣት በቀጥታ ለመስማት ነው። ቀለል አድርጎ ለሚያያቸው ሰው ነገሩ ሁሉ የዕረፍት ቀን ጨዋታ ሊመስለው ይችላል፤ ዳሩ ግን የዚህን ሙዚቃ ታሪክ በጥንቃቄ የመረመረ ሰው፣ ሬድዮውና የሸክላ ነጋዴው ፊታቸውን ወደ ሌላ ባዞሩበት ጊዜ ሙዚቃውን ከሞት ያተረፉት እነዚሁ ተከታዮቹ መሆናቸውን ሲረዳ፣ በአንክሮ ይመለከታቸዋል።

የሙዚቃው አባት ተብሎ የሚጠራው ቢል ሞንሮ በ1911 (ይህና ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኬንታኪ፣ ሮዚን በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ተወለደ። ታላላቅ ወንድሞቹ ቫዮሊኑንና ጊታሩን ቀድመው ስለ ያዙ ለእርሱ የደረሰችው ማንዶሊን ነበረች፤ የአዲስ አበባ አድማጭ በሙዚቀኛው በአየለ ማሞ ጣት ያወቃት ያችው ማንዶሊን። እናቱ በ10 ዓመቱ፣ አባቱ ደግሞ በ16 ዓመቱ ስለ ሞቱበት፣ ከእናቱ ወንድም ከፔን ቫንዲቨር ጋር ኖረ፤ አጎቱም ቫዮሊን መቺ ነበርና በየመንደሩ ጭፈራ እርሱን እየተከተለ ሲያጅብ አደገ። ከዚያው አካባቢ አርኖልድ ሹልትዝ ከተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ጊታር መቺ ዘንድም ብዙ እንደ ተማረ ራሱ ሞንሮ ይመሰክር ነበር። የዚህ ሙዚቃ ታላቁ መምህር እንግዲህ አስቀድሞ ተከታይና ደቀ መዝሙር የነበረ ሰው ነው።

በ1939 ሞንሮ ብሉ ግራስ ቦይስ የተባለውን የሙዚቃ ጓዱን ይዞ በናሽቪል ከተማ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ከሚባለው የሬድዮ ዝግጅት ገባ፤ በ1945 መጨረሻ ደግሞ ኧርል ስክራግስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት በሦስት ጣት የሚመታ ባንጆ የተባለ ባለ ክር መሣሪያ ይዞ ሲጨመርበት፣ የሙዚቃው መልክ ተፈጸመ፤ ስሙንም ከዚሁ ጓድ ወሰደ። ዝግጅቱ በዚያን ጊዜ ይደረግበት የነበረው የራይማን አዳራሽ በ1892 ለወንጌል ስብከት የተሠራ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ ዘፈኑን የሚሰማው በቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመከራው ዘመን መጣ። በ1954 ኤልቪስ ፕሪስሊ የሞንሮን ዘፈን፣ ብሉ ሙን ኦፍ ኬንታኪን፣ በአዲስ አኳኋን ዘፍኖ በሸክላ አስቀረጸው፤ ወጣቱ ትውልድም ወደ ሮክ ጎርፎ ሄደ፤ ኤሌክትሪክ የሌላቸው መሣሪያዎች ያረጁና ያፈጁ ሆነው ተቈጠሩ። ካርልተን ሄኒ የተባለ የሙዚቃ አዘጋጅ በመስከረም 1965 በቨርጂንያ፣ ፊንካስል አጠገብ በሚገኝ የፈረስ እርባታ ቦታ፣ ብዙ ቀን የሚቆይ የብሉግራስ ጉባኤ የጠራው በዚህ ጊዜ ነው። በጉባኤውም ላይ ቀድሞ ከሞንሮ ጋር የነበሩ፣ ኋላም ከእርሱ ተለይተው የየራሳቸውን ጓድ ያቋቋሙ ሰዎች በየተራ ወደ መድረኩ እየወጡ ከጥንት ጌታቸው ጋር ዘፈኑ፤ የሙዚቃው ታሪክ በሠሪዎቹ በራሳቸው አካል በሕዝብ ፊት ተተረከ ማለት ይቻላል። ሁለት ዓመት ቈይቶ ሞንሮ ራሱ ኢንዲያና ውስጥ ቢን ብሎሰም በተባለው ቦታው ላይ ተመሳሳዩን ጀመረ፤ ከዚያም ወዲህ ልማዱ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ።

እንደ እኔ አስተያየት ግን የነገሩ ሁሉ እምብርት የሚገኘው ከመድረኩ ርቆ፣ በድንኳኖቹ መካከል ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንዱ ጊታሩን ይዞ ከድንኳኑ ደጃፍ ሲቀመጥ፣ ሌላው ባንጆውን፣ ሦስተኛው ቫዮሊኑን ይዞ ይመጣና ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ ከዚያች ሰዓት በፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። አንዱ የዘፈኑን ስምና ዜማው የሚነሣበትን ድምፅ ይናገራል፤ ወዲያው ይጀመራል፤ ልዩ ልዩ አድባራት ያሳደጓቸው መዘምራን በአንድ የንግሥ ቀን ተገናኝተው፣ ያሬዳዊውን ዜማ ሁሉም ጠንቅቀው ስለሚያውቁት፣ ልምምድ ሳያስፈልጋቸው አብረው ለማኅሌት እንደሚቆሙ ያለ ነው። ያልተጻፈ ሕግም አለው፤ ተራው በክቡ ይዞራል፤ ባለተራው ጥበቡን ሲያሳይ የቀሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያጅቡታል፤ ገና የሚማር ሰው ከክቡ ውጭ ቆሞ የሌሎቹን ጣት እያየ በቀስታ ይለማመዳል፤ በርታ ያለ ጊዜም ቦታ ይለቁለታል። የባንክ ጸሓፊና የመኪና ጠጋኝ፣ የ70 ዓመት ሽማግሌና የ12 ዓመት ልጅ በዚህ ክብ ውስጥ እኩል ናቸው። በመድረኩ ላይ የታወቁት ጌቶች በሚዘፍኑበት ሰዓት እንኳ ከድንኳናቸው ሳይነቃነቁ ሌሊቱን በዚህ የሚያሳልፉ ሞልተዋል፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ታላቆቹም ቢሆኑ ዘፍነው እንደ ወረዱ ከሕዝቡ ጋር ይቀላቀላሉ፤ መሣሪያው ያለ ኤሌክትሪክ ስለሚሠራ፣ ዝናን ከፍቅር የሚለይ ግድግዳ በመካከል የለም።

የተከታዮቹ ትጋት ማዳመጥ ብቻ አልነበረም። ቴፕ መቅረጫ ተሸክመው በየገጠሩ በመዞር በየመድረኩ የተዘፈነውን የቀረጹና እርስ በርሳቸው የተለዋወጡ ብዙ ነበሩ፤ ከነዚህም አንዱ፣ ኋላ በሮክ ሙዚቃ ስሙ የገነነው ጄሪ ጋርሲያ፣ በ1964 ከአንድ ጓደኛው ጋር ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ ባንጆ ለመማርና የሞንሮን ጓድ ለመቅረጽ እስከ ቢን ብሎሰም ድረስ ተጉዟል። ሸክላ አሳታሚዎች ያልፈለጉት ብዙ ሥራ ዛሬ የሚደመጠው እንዲህ ባሉ ሰዎች ድካም ነው።

ለብዙ ዘመን ሳይነገር የቀረ አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱንም ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም። ባንጆ ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው የተወሰዱ ሰዎች ከቅል ይሠሩት ከነበረው መሣሪያ የመጣ ሲሆን፣ ሙዚቃው የነጮች ብቻ ነው የሚል ወሬ ስለ ተስፋፋ፣ ባለቤቶቹ ከታሪኩ ተፍቀው ኖሩ። በ2005 በሰሜን ካሮላይና በተደረገ የጥቁር ባንጆ መቺዎች ጉባኤ ላይ የተዋወቁ ሦስት ወጣቶች፣ ከነርሱም አንዷ ሪያነን ጊደንስ፣ ጆ ቶምሰን ከተባለው የሸመገለ ጥቁር ቫዮሊን መቺ ቤት እየተመላለሱ ጥንታዊውን ስልት ተማሩ፤ ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የተባለውንም ጓድ መሥርተው፣ በ2011 የግራሚ ሽልማት አገኙ። ደቀ መዝሙርነት የጠፋውን ርስት እንዴት እንደሚያስመልስ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

የዚህ ነገር ጫፍ ወደ ወገኖቻችንም ይደርሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያም በኋላ የተራራው ሕዝብ ሥራ ፍለጋ ወደ ዋሽንግተንና ወደ ባልቲሞር ሲፈልስ ሙዚቃውን ይዞት ስለ ሄደ፣ ዋሽንግተን ከብሉግራስ ታላላቅ ማእከሎች አንዷ ሆነች። በ1971 በዚያ አካባቢ የተቋቋመው ሴልደም ሲን የተባለው ጓድ ካርታ ሠሪ፣ የሒሳብ ሊቅና የቀዶ ጥገና ሐኪም ያሉበት ነበር፤ የቀን ሥራቸውን ሳይተዉ በየሳምንቱ በአንድ ቤት ይጫወቱ ስለ ነበር፣ ተከታዮቻቸው ያን ማታ ከሌላ ጕዳይ ሁሉ ያስቀድሙት ነበር። ኋላ የተጫወቱበት በርችሚር የተባለው ቤት፣ ዘፈን ሲዘፈን አድማጩ ወሬ እንዳያወራ ደንብ ያወጣ ሲሆን፣ ዛሬም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሌክሳንድርያ ከተማ ይገኛል።

ከወገኖቻችን አንዱ እንዲህ ወዳለ ማታ ቢሄድ፣ ዘፈኖቹ ስለ ተተወ የአባት ቤት፣ ስለ እናት መቃብርና ወስዶ ስለማይመልስ ባቡር የሚናገሩ ስለ ሆነ፣ ቃሉ በሙሉ ባይገባውም ኀዘኑ ባዕድ አይሆንበትም። የባንጆው ፍጥነት በመጀመሪያ ግራ ቢያጋባው ጆሮውን ቆሞ ወደሚመታው ትልቁ ባስ ይመልስ፤ ምቱን የሚይዘው ባሱ ነው፤ ማንዶሊኑ በየመካከሉ ይመልስለታል፤ እነዚህን ሁለቱን ከለየ በኋላ ባንጆው የሚሮጥበት መንገድ ይገለጥለታል።