ካሬ ምንድር ነው?

አንድ ልጅ፦ በርበሬ ምንድር ነው? ተብሎ ቢጠየቅ፦ ቀይ ነገር ነው፥ ብሎ ቢመልስ ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ ደምም ጽጌረዳም ቀይ ነውና። የተናገረው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን አይበቃም። በጂኦሜትሪ ትምህርትም ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እንደዚሁ ነው።

ጂኦሜትሪ ቅርጽንና ልክን የምናውቅበት ትምህርት ነው። በሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ቅርጽ ርዝመትና ስፋት አለው፥ ውፍረት ግን የለውም፤ ዙሪያውም በመስመር የተዘጋ ነው። በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ቦታን መዝጋት አይቻልም፤ በሁለት እንጨት ብቻ በረት ያጠረ ሰው ከቶ የለም። መስመሮቹ ሦስት ሲሆኑ ግን ይዘጋል፤ ይህም ሦስት ማዕዘን ይባላል።

ክብን ደግሞ አንድ መስመር ብቻውን ይዘጋዋል። ጎጆ ቤት የሚሠራ ሰው በመካከል ችካል ይተክልና ገመድ ያስርበታል፤ የገመዱንም ጫፍ ወጥሮ ይዞ እየዞረ መሬቱን ይጭራል። ገመዱ አይረዝምም፥ አያጥርምም፤ ስለዚህ ከችካሉ እስከ ዳርቻው ያለው ርቀት በሁሉም ወገን እኩል ይሆናል። የክብ ትርጓሜው ይህ ነው። ክብ ማለት ድቡልቡል ነገር ነው ብንል ኖሮ እንቁላልም በገባ ነበር።

አሁን ወደ ካሬ እንምጣ። ካሬ ምንድር ነው? ቢባል ብዙ ልጆች፦ አራት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ቅርጽ ነው፥ ይላሉ። እስቲ አራት እኩል እንጨቶች ወስዳችሁ ጫፍና ጫፋቸውን በክር እሰሩ፤ ከዚያም አንዱን ማዕዘን በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ቅርጹ ወደ አንድ ወገን ይጋደማል። ከእንጨቶቹ አንዱ እንኳ አልተቆረጠም፥ አራቱም ጎኖች እንደ ቀድሞው እኩል ናቸው፤ ካሬነቱ ግን ቀርቷል። የተለወጠው ማዕዘኑ ነው።

ስለዚህ ትርጓሜው፦ ካሬ ማለት አራት ጎኖቹ እኩል የሆኑ፥ አራቱም ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ቅርጽ ነው፥ መባል አለበት። ቀጥ ያለ ማዕዘን የምንለውም አንድ መስመር በሌላው ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዘነብል ሲቆም፥ በሁለቱ ወገን ያሉት ማዕዘኖች እኩል በሆኑ ጊዜ ነው። ኤውክሊድስ የሚባለው የግሪክ ሊቅ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ፥ በ13 ክፍል በጻፈው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ካሬን እንዲሁ በሁለቱ ነገር ተርጕሞታል። እንደ በር ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጠውን አራት ማዕዘን ከካሬ ለይቶ ለብቻው አኖረው። የዛሬ መምህራን ግን ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ስለ ሆኑ ካሬንም ከእርሱ ወገን ይቆጥሩታል፤ ለእኔም ይህኛው የተሻለ ይመስለኛል።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ገበሬ አራቱም ጎኖቹ 50፥ 50 ክንድ የሆነ መሬት ገዛ እንበል። በገመድ ለካ፥ ልክ ሆኖ አገኘው፤ 50 ጊዜ 50 ብሎ የ2500 ካሬ ክንድ ዋጋ ከፈለ። መሬቱ ግን እንደ ተገፋው እንጨት የተጋደመ ነበረ፤ ከአንዱ ጎን ተነሥቶ ወደ ፊት ለፊቱ ጎን ቀጥ ብሎ ቢለካ 25 ክንድ ብቻ ነው። 50 ጊዜ 25 ደግሞ 1250 ነው። ሻጩ ስለ ጎኖቹ አንድ ቃል አልዋሸም፤ ገበሬው ግን በግማሽ መሬት የሙሉ መሬት ዋጋ ከፈለ።

ይህ ገበሬ አስቀድሞ ምን ማድረግ ይገባው ነበር? ገመዱን ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሁለቱም መንገድ አሻግሮ ቢወጥር ኖሮ፥ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ሆኖ ያገኘው ነበር፤ በካሬ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። አንዱን ማዕዘን ብቻ ለመመርመር ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ከማዕዘኑ ተነሥቶ በአንዱ ጎን 3 ክንድ፥ በሁለተኛው ጎን 4 ክንድ ለክቶ ምልክት ማድረግ ነው። ከምልክት እስከ ምልክት ያለው ርቀት ልክ 5 ክንድ ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ካነሰ ወይም ከበለጠ ግን አይደለም። ግንበኞችም የቤት መሠረት ሲያወጡ በ3፥ በ4ና በ5 ሜትር ይህንኑ ያደርጋሉ።