ደንገልና ፊላ የማይዙት እድፍ

ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ ስላለበት ካርባማዜፒን የተባለውን ክኒን ጧትና ማታ ይውጣል። ከጀመረው ወዲህ መውደቁ ቀርቶለት ትምህርቱን በደኅና ይከታተላል። ይሁን እንጂ የሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ በሰውነት ውስጥ አልቆ እንደማይቀር፥ ከፊሉም በሽንት ወጥቶ ወደ ፍሳሽ እንደሚሄድ ባነበብሁ ጊዜ፥ ከዚያስ ወዴት ይደርስ ይሆን? ብዬ መጠየቅ ጀመርሁ።

በከተማችን በጎንደር ቀሃና ትንሹ አንገረብ የሰፈሩን ፍሳሽ እየተቀበሉ ይወርዳሉ፤ በመገጭም በኩል አድርገው ጣና ይገባሉ። በመንገዳቸው ላይ ልብስ የሚያጥብ አለ፥ ጎመን የሚያጠጣም አለ።

ፍሳሽን ያለ ብዙ ወጪ ለማጣራት ከሚጠቅሙት ዘዴዎች አንዱ ሰው ሠራሽ ረግረግ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ታቹ ውሃ እንዳያሳልፍ ይደረግና ጠጠር ይሞላበታል፤ በላዩም ፊላ፥ ሸምበቆ ወይም ደንገል ይተከላል። ዘዴውን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መመርመር የጀመሩት ጀርመናዊቷ ሊቅ ኬተ ዛይደል ናቸው። በአገራችንም በባቱ ከተማ ባለ የአበባ እርሻ ተሠርቷል። ብዙ ሰው የሚያጣራው ተክሉ ይመስለዋል፤ ለእኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ዋናዎቹ ሠራተኞች ግን በሥሩና በጠጠሩ ላይ የሰፈሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ተክሉ ማደሪያ ይሆናቸዋል፥ በሥሩም በኩል ጥቂት አየር ያቀብላቸዋል።

እነዚህም ተሕዋስያን ምግብ ይመርጣሉ። የቡናን ካፌይን (በየቤቱ ስንት ጀበና እንደሚጣድ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም)፥ ፓራሲታሞልንና ኢቡፕሮፌንን በአብዛኛው ያፈርሷቸዋል። የወንድሜን መድኃኒት ግን አይደፍሩትም፤ ሞለኪዩሉ ጠንካራ ነው፥ ከጠጠሩም ጋር አጥብቆ አይጣበቅም። ስለዚህ ከብዙ ረግረጎች እንደ ገባ ለመውጣት ምንም ያህል አይቀረውም። እንዲህ ያሉት የመድኃኒት፥ የፀረ ተባይና የመዋቢያ ቅባት ትራፊዎች «አዳዲስ በካዮች» ይባላሉ።

መጠኑ ኢምንት ነው የሚል ይኖራል። ከ2001 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ፥ በኦንታሪዮ፥ ሊቃውንት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ሆርሞን በአንድ ትንሽ ሐይቅ ውስጥ ጨመሩ። መጠኑ በሊትር 5 ወይም 6 ናኖግራም ነበር፤ አንድ ናኖግራም ማለት የግራም ቢሊዮንኛ ነው። ወንዶቹ ዓሦች የእንቁላል ፕሮቲን መሥራት ጀመሩ፤ ከትንንሾቹ ዓሦች የአንዱ ዘር ከሐይቁ ሊጠፋ ተቃረበ። በእርግጥ ካርባማዜፒን ሆርሞን አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ወዲያ ትንሽ ነው ብሎ መናቅ አይቻልም።

ይህን ለወንድሜ ብነግረው፥ «ታዲያ ክኒኑን ልተወው?» አለኝ። ደነገጥሁ። ፈጽሞ አይተወውም! ሥራው የእርሱ ሳይሆን የማጣሪያ ሠሪዎች ነው፤ ከረግረጉ በኋላ በልዩ ዘዴ የተዘጋጀ ከሰል የሞላበት ገንዳ ቢጨመር መድኃኒቱን ይይዘዋል። ከሰሉ ግን ሲጠግብ መለወጥ አለበት፤ ገንዘብም ይጠይቃል። በእኛ ቤት በኩል ያለው ሥራ ጊዜው ያለፈበትን ክኒን ሽንት ቤት አለመጣል ነው። ባለፈው ሰኔ እናታችን ልትጥለው ስትነሣ ወንድሜ ከእጇ ተቀብሎ፥ በወረቀት ጠቅልሎ ወደሚታከምበት ጤና ጣቢያ ወሰደው።