ጨዋታው ሲዘጋ ምን ይቀራል?

37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ያለጊዜው ተወለደ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት እንዲህ ተወልደዋል። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት የፅንሱ አንጎል በፍጥነት ያድጋል፣ ገጹም እየታጠፈ ይሸበሸባል፤ የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኙት የነርቭ መስመሮችም መሸፈኛቸውን ለመልበስ ይሰናዳሉ። በ26 ሳምንቱ የተወለደ ሕፃን ይህን ሁሉ የሚያከናውነው በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ፣ በመብራት፣ በድምፅና በመርፌ መካከል ነው። መሸፈኛውን የሚሠሩት ሴሎች ደግሞ በዚያ ዕድሜ የኦክስጅን እጥረትንና ኢንፌክሽንን አይችሉም። ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር እኩል ይራመዳሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ጉዳቱ በትምህርት ቤት ይገለጣል። መምህሯ «ደብተር አውጡ፣ ቀን ጻፉ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ገልብጡ» ስትል ልጁ ደብተሩን አውጥቶ እዚያው ይቀራል፤ ሰነፍ ወይም እልኸኛ ይባላል። የጎደለው ግን ፈቃድ አይደለም። የሰማውን በአእምሮው ይዞ እየሠራበት ለመቆየት ያለው አቅም ከእኩዮቹ ያነሰ ነው።

የቪዲዮ ጌም ተስፋ የተጣለበት እዚህ ላይ ነው። በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪ የሆኑት ቶርኬል ክሊንግበርግ «ኮግሜድ» የተባለውን ሥልጠና አበጁ። ልጁ በስክሪኑ ላይ የሚበሩ ነጥቦችን አይቶ በቅደም ተከተል ይነካል፤ ሲሳካለት ነጥቦቹ ይበዛሉ፣ ሲከብደው ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኖርዌይ የወጣ ጥናት ከ1500 ግራም በታች የተወለዱ 20 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በሥልጠናው መሻሻላቸውን ዘገበ። ዜናው ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ሌላ ጌም ከሚጫወቱ አቻዎች ጋርም አልተነጻጸሩም። ይህን ክፍተት የሞላው የአውስትራሊያው የሜልቦርን ሙከራ ነው። ከ28 ሳምንት በፊት ወይም ከ1000 ግራም በታች የተወለዱ 91 የ7 ዓመት ልጆች በዕጣ ተከፈሉ፤ ከፊሎቹ እየከበደ የሚሄደውን ሥልጠና፣ ሌሎቹ ደግሞ ቀላል ሆኖ የሚቆየውን ተመሳሳዩን ተጫወቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ በንባብም ሆነ በሒሳብ የሚለያያቸው ነገር አልተገኘም፤ ትኩረታቸውም ሆነ በአእምሮ የመያዝ አቅማቸው አልተለያየም።

ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ጎበዝ የገበጣ ተጫዋች የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ አስቀድሞ ያያል፤ የቤቱን ወጪ ለማስላት ሲቀመጥ ግን ያ ዓይን አብሮት አይመጣም። ልምምድ የሚያጠነክረው የተለማመዱትን ነገርና የቅርብ ዘመዱን ነው። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመዘኑ ተመራማሪዎችም ሠልጣኞች በተመሳሳይ ፈተናዎች እንደሚሻሻሉ፣ ጥቅሙ ግን ወደ ንባብና ሒሳብ እንደማይሻገር አረጋግጠዋል። ስለዚህ የጌሙ ነጥብ ማደጉ የልጁ አእምሮ ማደጉን አያሳይም።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚል ወላጅ ይኖራል። እኔ አልስማማም። በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስት ሳምንታት የሚወስድ ሥልጠና ከንባብ፣ ከሜዳ ሩጫና ከእንቅልፍ የሚቀነስ ጊዜ ነው። ከሁሉ በላይ ግን እነዚህ ወላጆች «ጥፋቱ የእኔ ይሆን?» የሚል ሸክም ተሸክመው የሚኖሩ ናቸው፤ ተስፋን በገንዘብ መሸጥ የሚቀልለውም ለእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የአእምሮ ጌሞችን የሚሸጠውን «ሉሞሲቲ» በቂ ማስረጃ የሌለው ማስታወቂያ በማውጣቱ 2 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል።

ይህ ማለት ጌም ከቤት ይውጣ ማለት አይደለም። ጌም አሥር ጊዜ የተሳሳተን ልጅ ሳይቆጣ አሥራ አንደኛውን ዕድል ይሰጠዋል፤ ይህ በክፍል ውስጥ ዘወትር የሚሸነፍ ልጅ ከሰው አዘውትሮ የማያገኘው ነው። የምንፈልገው ለውጥ ከልምምዱ ጋር አንድ ሲሆንም ይጠቅማል፤ ፊደል መለየት የሚፈልግ ልጅ ፊደል በሚያስለይ ጌም ይለማመድ። አዋቂ አጠገቡ ተቀምጦ «አሁን ምን ልታደርግ ነው? ለምን?» ቢለው ደግሞ ጨዋታው ወደ ንግግር ይለወጣል። ለታናናሾቹ ገደቡ ጥብቅ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ዓመት በታች ስክሪን ጭራሽ እንዳይኖር፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ ይመክራል።

ጌም ከመግዛትዎ በፊት ሊያዩት የሚፈልጉትን አንድ ነገር ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ «ሁለት ነገር አዝዤው ሁለቱንም ይዞ ይመጣል» የሚል ይሁን እንበል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ታብሌቱን ዘግተው ልጁን ጨውና ማንኪያ እንዲያመጣ ይላኩት። መምህሯንም ትእዛዞቹን አንድ በአንድ እንድትሰጠው፣ ቅደም ተከተሉን በሥዕል ጠረጴዛው ላይ እንድትለጥፍለት ይጠይቋት፤ ለዚህ ስድስት ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም።